ዲኤክሴ ኢተያ ዳገት ላይ ትግላለች፤ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይውረድ ተብያለሁ። ምን ትላላችሁ?

ዲኤክስ_አዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ በፈረንጅ የ1982 ኮሮላ ዲኤክስ ናት። 4ኬ ሞተር፣ ካርቡራተር፣ በኋላ ጎማ የምትሄድ። አዳማ ውስጥ ምንም አትልም። ፖስታ ቤት፣ ፍራንኮ፣ እስከ ወንጂ ድረስ ብሄድባት የሙቀቱ ቀስት ከመሃል አይነቃነቅም። ጉዱ የሚመጣው አሰላ ስወጣ ነው። ዴራን አልፌ ኢተያ ስቃረብ ቀስቱ ወደ ቀዩ መሳብ ይጀምራል። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስረግጥ ይብስባታል። ዳር ይዤ ካጠፋኋት ደግሞ በጄ ብላ አትነሳም። ግማሽ ሰዓት ያህል ማረፍ አለባት።

ሠፈር ያለው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ አየና «ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) በልቷል፣ ቴስታታ ወርዶ ይላጭ» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ እኔም ጋልኩ። ቴርሞስታት (በሙቀት የሚከፈትና የሚዘጋ የውሃ በር) የላትም፤ ስገዛት ጀምሮ ወጥቶ ነበር። ውሃ ትቀንሳለች፣ ግን ከዳገት ስመለስ ብቻ።

«ሽጣትና ተገላገል» የሚል ሰው ካለ ከወዲሁ ይተወኝ። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያለችኝን ማከም እንጂ መቀየር አይታሰብም።

ፈጣን_መንገድ፦
ብሮ ይሄ ቀላል ነው። በቺንጋ የሚዞረውን ቬንቶላ (ማራገቢያ) አውልቀህ ጣል፣ የቪትዝ የኤሌክትሪክ ቬንቶላ ግጠም። ሰፋ ያለ ራዲያተር ካገኘህ ደግሞ እሰየው። ሞተሩም ካስቸገረህ 5ኬ ፈልግ፣ ቦታው ላይ ልክክ ይላል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። ሶማሌ ተራ የማይገኝ ነገር የለም።

ጋሽ_ቦቢና፦
ልጄ፣ ቴስታታውን ለጊዜው ማንም እንዳይነካብህ። ሁለት ደቂቃ አይቶ ጓርኒሲዮን የሚል መካኒክ ሥራ ፈልጎ ነው። ጓርኒሲዮን የበላ ሞተር ምልክት አለው፣ ምልክቱን ደግሞ አንተም ያለ ገንዘብ ታየዋለህ።

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። በጋለ ሞተር ላይ እንዳትሞክረው፣ ፊት ያቃጥላል። ውሃውን እስከ አፉ ሙላና አስነሳ። አፉ ላይ ዓይንህን ትከል። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ መውጣቱ ያለ ነው። ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ግን የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። በሌላ ጠዋት ደግሞ ክዳኑን ገጥመህ አስነሳና የላይኛውን ጎማ ቱቦ ጨብጠው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ቱቦው ድንጋይ ከሆነ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥር። የዘይት መለኪያው ዘንግና የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለም እንዲሁ።

ከዚያ ኮምፕረሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) አስለካ። አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይረገጥ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ባህር ጠለል ላይ ለተለካ ሞተር ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። መጽሐፉ 12 ካለ እዚህ 10 ማግኘት ጤና ነው። ስንቱ ደህና ሞተር በዚህ ቁጥር ምክንያት ተፈታ! ዋናው አራቱ መቀራረባቸው ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ያኔ ስለ ጓርኒሲዮን እናወራለን።

የቮልስ_ነገር፦
ከሐዋሳ ሰላምታ። ራዲያተር የሌለው መኪና መያዝ ምን ዓይነት እፎይታ እንደሆነ ዛሬ ገባኝ 😄

ሚሚ_ሹፌር፦
@የቮልስ_ነገር ወንድሜ አትሳቅ፣ የሞተር ዙሪያ ላሜራዎቿና ማሸጊያ ጎማዎቿ ሲጎድሉ ቮልስም እንዴት እንደምትግል አይቻለሁ።

@ዲኤክስ_አዳማ የራዲያተሩን ክዳን ዓይተኸዋል? ሰው ክዳን ሲባል ውሃ እንዳይፈስ የሚከድን ብቻ ይመስለዋል። ሥራው ግፊት መያዝ ነው። አዳማ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አሰላ ወደ 2,400 ሜትር ናት፣ እዚያ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ሞተርህ ደግሞ በጤናውም ቢሆን ከ80 በላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ዳገቱን በወጣህ ቁጥር ውሃው መፍላት እየቀለለው ይሄዳል። አናቱ ላይ 0.9 የሚል ጤነኛ ክዳን ካለህ ግን አሰላም ላይ ቢሆን ከ110 በላይ ካልደረሰ አይፈላም።

ክዳኑን ገልብጠህ ላስቲኩን እይ። ከተሰነጠቀ ወይ ከደረቀ ጣለው። ትንሽ ነገር ናት ግን «ውሃ ትቀንሳለች» ያልከው ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ዲኤክስ_አዳማ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ። ሚሚ አንቺንም።

አረፋ የለም። ቱቦውም በቀዝቃዛው ለስላሳ ነው። ዘይቱ ንጹሕ። ኮምፕረሽኑ 10፣ 10፣ 9.5፣ 10 ወጣ። የለካው ልጅ ራሱ «ማነው ቴስታታ ያለህ?» አለኝ።

ክዳኑ ግን ጉድ ነው። ላስቲኩ በጥፍሬ ስነካው ፍርፍር አለ። አዲስ ገዛሁ። ሰዉ ግን ቴርሞስታት መልሰህ ግጠም ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ አዳማ ሙቀት ነው ምን ያደርግልሃል ይላል። የቱን ልስማ?

ፈጣን_መንገድ፦
አዳማ ላይ ቴርሞስታት አያስፈልግም። እሱ የተሠራው በረዶ ላለበት አገር ነው። ሁሉም ታክሲ አውጥቶ ነው የሚሠራው።

ጋሽ_ቦቢና፦
ሁሉም ታክሲ ቢያወጣም ሁሉም ታክሲ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ይሄ ነገር ስንት ሞተር እንደበላ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቴርሞስታት ውሃውን የሚያግድ መስሏችሁ ነው የምትጠሉት። ሲከፈት ግን ብዙም አያግድም። ሥራው ሞተሩ ቶሎ ወደ ሥራ ሙቀቱ እንዲደርስና ከዚያ በታች እንዳይወርድ መጠበቅ ነው። ካወጣኸው ጠዋት ጠዋት ሞተርህ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን በደንብ አያተንም፤ ያልተቃጠለው የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይት ይቀጥናል፣ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ይበላል። ፍጆታህም ይጨምራል። አጭር አጭር መንገድ ለሚሄድ የከተማ መኪና ይሄ ከዳገቱ የባሰ ጠላት ነው።

ደግሞ አንዳንድ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በዚያው ባይፓሱን ይዘጋል። ያን ካወጣህ የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ለማቀዝቀዝ ብለህ ያወጣኸው ጭራሽ ያሞቅሃል። «ያለ ቴርሞስታት ውሃው በጣም ስለሚሮጥ ራዲያተር ውስጥ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም» የሚሉትን ግን አትስማ፣ ተረት ነው።

ስትገዛ አናቱ ላይ 82 የተጻፈበትን ጠይቅ። ከመግጠምህ በፊት ቤት ውስጥ ሞክረው። ድስት ውስጥ ውሃ ጥደህ በክር አንጠልጥለው፣ ታቹን እንዳይነካ። ቴርሞሜትር ካለህ አስገባ። 82 አካባቢ ሲደርስ ምላሱ መከፈት ይጀምራል። እዚህ ከተማ ውሃው 95 ሳይሞላ ስለሚፈላ ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ላታየው ትችላለህ፤ እሱ አያስደንግጥህ። መከፈት መጀመሩንና ሲቀዘቅዝ መልሶ መዝጋቱን ካየህ በቂህ ነው። የባለቤቴን ድስት በዚህ ምክንያት ሁለተኛ እንዳልነካ ተነግሮኛል፣ አንተም የራስህን አዘጋጅ።

ቶርኖ_ቤት፦
ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ ቴስታታ የምላጭ ሰው ነኝና ለገበያዬ ሲባል ዝም ማለት ነበረብኝ 😂 ግን እውነቱን ልናገር። 4ኬ ብሎኩ ብረት ነው፣ ቴስታታው አልሙኒየም። ጋለ ተብሎ በየጊዜው የተላጨ ቴስታታ ይመጣልኛል። ሙቀቱ የመጣበት ሳይታወቅ ይላጫል፣ ይገጠማል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ያው ሰው ያንኑ ቴስታታ ይዞ ይመለሳል። የተላጨ ነገር አይመለስም። መላጫ ልኩን ሲያልፍ ሌላ ቴስታታ ፍለጋ ነው።

ማንም ያላነሳው አንድ ነገር ልጨምር። ያንተ ካንዴላ እሳት የሚያገኘው በፑንቲና (እየተከፈተ በሚዘጋ ጥንድ ጥርስ) ነው ወይስ በኤሌክትሮኒክ? በፑንቲና ከሆነ መቼ ነው የታየው? እሳቱ የሚዘገይ ሞተር ዳገት ላይ ይግላል። ቤንዚኑ ዘግይቶ ሲቃጠል ሙቀቱ ፒስቶን በመግፋት ፈንታ ወደ ጭስ መውጫውና ወደ ውሃው ይሄዳል። ጉልበት ስታጣ አንተ ደግሞ የበለጠ ትረግጣለህ፣ ጭራሽ ይብሳል።

የስፒንትሮጂኑን (የእሳት አከፋፋዩን) ክዳን አንሳና ፑንቲናውን እይ። ካሟን የሚነካው ፋይበር ቅባት ካልተደረገለት እየተበላ ያልቃል። እሱ ባለቀ ቁጥር ክፍተቱ ይጠብባል። ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ራሱን በራሱ ያዘገያል፣ ማንም ሳይነካው። 0.45 ሚሊ ሜትር ላይ አድርገውና ከዚያ እሳቱን በመብራት አስለካ። ዲግሪው ስንት እንደሆነ ኮፈንህ ሥር ያለው ወረቀት ይነግርሃል፣ ወረቀቱ ካልተላጠ። በጆሮ ብቻ የሚያስተካክል ካጋጠመህ ይለፍህ።

ከስፒንትሮጂኑ ወደ ካርቡራተሩ የምትሄደውን የቫኩም ቱቦም እንዳትረሳ። ከካርቡራተሩ በኩል ነቅለህ በአፍህ ሳባት። ውስጥ ያለው ሳህን መንቀሳቀስ አለበት፣ ምላስህን ጫፏ ላይ ስታደርግ ደግሞ ይዛ መቆየት አለባት። አየር ዝም ብሎ ከመጣልህ ላስቲኳ ተቀዷል።

ዲኤክስ_አዳማ፦
ቶርኖ_ቤት እጅህ ይባረክ!

የስፒንትሮጂኑን ካሎታ አነሳሁ። ፑንቲናው አፍ ለአፍ ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። የክፍተት መለኪያዋ ቀጭኗ ቅጠል ራሷ ጠበባት። አንደኛው ጥርስ ላይ ጉድጓድ፣ ሌላኛው ላይ እብጠት ሠርቷል። ፋይበሩ ከቦታው አልቆ ካሟ ላይ ቡናማ ዱቄት ትቷል፤ ቅባት የሚባል ነገር የለም። ፑንቲናና ኮንደንሰር ቀየርኩ፣ ካሟን በጣም ስስ አድርጌ ቀባሁ፣ እሳቱ በመብራት ተለካ። ከልኩ ብዙ ዘግይቶ ነበር። ቫኩሟ ደህና ናት።

ከዚያ ሌላ ምንም ሳልቀይር ወደ አሰላ ወጣሁ። ኢተያ ድረስ ሌላ መኪና ሆነች፣ በአራተኛ ወጣችው! ከኢተያ በላይ ግን ቀስቱ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን ይወጣል።

ጋሽ_ቦቢና፦
አንድ በአንድ መሄድህ ጥሩ አድርገሃል። ሁሉንም በአንድ ቀን የሚቀይር ሰው የቱ እንዳዳነው አያውቅም፣ ሲመለስበትም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

አሁን ራዲያተሩ ጋ ሂድ። ቆማ የምትግል መኪና ብዙ ጊዜ የቬንቶላ ችግር ነው። በፍጥነት ወይም በጭነት የምትግል ደግሞ የውሃው መንገድ ነው። ሞተሩን በደንብ አሙቀህ አጥፋው። መዳፍህን ራዲያተሩ ፊት ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ አስጠግተህ ሂድበት። ሙቀቱ ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። ድንገት ቀዝቃዛ ንጣፍ ካገኘህ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል ማለት ነው።

ታችኛውን ጎማ ቱቦም ተመልከት። አንድ ሰው ነዳጅ ሲሰጥ አንተ ቆመህ እየው። ወደ ውስጥ ተጠብቦ ከተጣበቀ የውሃ ፖምፓው እየመጠጠው ነው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ በስብሶ ይሆናል፣ ቱቦው ይቀየር።

ዲኤክስ_አዳማ፦
ታችኛው ቱቦ ጤነኛ ነው። ራዲያተሩ ግን ከታች በግራ በኩል ቀዝቃዛ ነው። መዳፌን ሳሻግር ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው ልክ በመስመር እንደተከፈለ ነው። ሌላ ደግሞ አሁን ነው ያስተዋልኩት፦ በቬንቶላውና በራዲያተሩ መካከል የነበረው ሽፋን የለም። የመግጠሚያው ብሎን ቀዳዳዎች ባዶአቸውን አሉ።

ቶርኖ_ቤት፦
ደስ አለኝ። የድሮ ራዲያተር መዳብና ናስ ስለሆነ ይታከማል። ራዲያተር ሠሪ ጋ ውሰደው፣ «እጠብልኝ» ሳይሆን «ጭንቅላቱን ፈተህ ቱቦዎቹን ጥረግልኝ» በለው። በኬሚካል ማጠብ ደህናዎቹን ቱቦዎች ያጸዳል እንጂ የተደፈኑትን አይከፍትም፣ ውሃ ቀላሉን መንገድ ነው የሚሄደው። ቆመህ አሠራ። በስታኞ ሲበይደው ደግሞ ግፊት ሰጥቶ ውሃ ውስጥ ነክሮ እንዲያሳይህ አድርግ። ፕላስቲክ ጭንቅላት ያለውን አዲሱን ዓይነት እንዲህ ማድረግ አይቻልም።

ስትሞላ የጉድጓድ ውሃ አታስገባ። ቱቦውን የደፈነው ምናልባት እሱና ዝገቱ ነው። ኩላንት ግማሽ፣ የባትሪ ውሃ ግማሽ። ውሃ እንጂ አሲድ አላልኩም! ሁለቱም በተመሳሳይ ጀሪካን ስለሚሸጡ ነው የምጮኸው። እዚህ በረዶ ስለሌለ ኩላንት አያስፈልግም የሚል ይመጣል። ኩላንት ዝገት መከላከያም ነው፤ ብረት ብሎክና አልሙኒየም ቴስታታ አንድ ላይ በተራ ውሃ ሲኖሩ አልሙኒየሙ ነው የሚበላው።

ሚሚ_ሹፌር፦
መውጣቱን ሁሉም አወራ። መውረዱንስ? ከአሰላ ስትመለስ ረጅም ቁልቁለት ነው። የፍሬን ዘይትህ መቼ ተቀየረ? ዶት 3 አዲሱ ከ200 ዲግሪ በላይ ነው የሚፈላው። ግን ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ ሲያረጅ ወደ 140 ይወርዳል። ፔዳሉ ድንገት ስፖንጅ ከሆነ ያ ነው። በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት፣ ሞልቶ ቢታይም። ደግሞ በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ፍሬን ላይ ተኝተህ አትምጣ።

ጎማህ ላይም አራት አሃዝ አለ፣ 2319 ካለ በፈረንጅ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ ብዙ ነው። ያን ይዛችሁ ፈጣን መንገዱ ላይ 120 የምትነዱ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

ፈጣን_መንገድ፦
እኔን ነው አይደል 🙈

የቮልስ_ነገር፦
ጠፍታ አትነሳም ያልከው ነገር ተረሳ። እሱን ለእኔ ተዉልኝ፣ ሐዋሳ ላይ በዚህ ተፈትኛለሁ። ሞቃ አልነሳም ስትልህ ዝም ብለህ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) አታሰቃየው። የአየር ፊልትሮውን ክዳን ክፈትና የካርቡራተሩን ጉሮሮ እያየህ የነዳጅ ገመዱን በእጅህ ጎትት።

ምንም ቤንዚን ካልረጨ መስመሩ ውስጥ ቤንዚኑ ተንኖ አየር ሠርቷል። እርጥብ ጨርቅ የቤንዚን ፖምፓውና ቱቦው ላይ አድርገህ ጠብቅ። ከረጨና ሽታው ካፈነህ ግን ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ፈልቶ ሞተሩን አጥለቅልቆታል። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ርገጥና ሳትለቅ አስነሳ። ደጋግመህ አትርገጥ፣ በየርግጫው ትጨምርበታለህ። ከረጨ ግን ካልሸተተ ወደ ቦቢናው (ለካንዴላ እሳት ወደሚሰጠው ጥቅል) ሂድ፤ ሲግል የሚደክም ቦቢና አለ፣ ካንዴላ ነቅለህ እሳቱን እይ።

ዲኤክስ_አዳማ፦
ዛሬ ከአሰላ ተመለስኩ። ራዲያተሩ ሲፈታ የወጣው ጭቃ ቀይ አፈር ነው የሚመስለው። 82 ቴርሞስታት፣ ኩላንት፣ አዲስ ክዳን ገባ። የቬንቶላውን ሽፋን ባትላሜራ (ላሜራ ቀጥቃጭ) ጋ በላሜራ አሠራሁት። ኢተያን አልፌ፣ ጎንዴን አልፌ፣ ቀስቱ ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ ቀጥ አለ። ጠዋት ጠዋትም ቶሎ ትሞቃለች፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው ዙር) ተስተካክሏል። የፍሬን ዘይቱ ወጥቶ ሳየው ጥቁር ቡና ነው፤ ሚሚ ትክክል ነሽ፣ ተቀየረ።

አሰላ ቁርስ በልቼ ስመለስ አልነሳም አለች። ቤንዚን ይረጫል፣ ይሸታል። እስከ ወለሉ ረግጬ ተነሳች። ካርቡራተሩ ሥር ያለው ሙቀት የሚያግደው ወፍራም ባኬላይት ተሰንጥቆ ነው የተገኘው፤ እሱን እየፈለግሁ ነው።

ፈጣን_መንገድ፦
እሺ አሳመናችሁኝ፣ የኤሌክትሪክ ቬንቶላዬን ለራሴ ላድርገው። ለነገሩ በኋላ ስጠይቅ ብቻውን ከ10 አምፔር በላይ ይወስዳል አሉኝ፣ ያለ ሪሌ ከገጠምኩት ሽቦው ይነዳል። የ5ኬውንም ሐሳብ ለጊዜው ትቼዋለሁ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ሌላ፣ ኮፈኑ ሥር ያለው ሌላ ሆኖ ቦሎ ላይ መከራከር አልፈልግም። መጀመሪያ ፈቃዱን።

ግን የሽፋኑን ነገር ንገረኝ። የእኔዋም የላትም። ከቬንቶላው ምን ያህል ይራቅ?

ዲኤክስ_አዳማ፦
ዙሪያውን ከቬንቶላው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ይላል። ቅጠሎቹ ደግሞ ግማሹ ሽፋኑ ውስጥ ግማሹ ውጭ ነው። ካርቶን ቆርጠህ መጀመሪያ ለካበት፣ ከዚያ ካርቶኑን ይዘህ ባትላሜራ ጋ ሂድ።

ጋሽ_ቦቢና፦
ከመለካትህ በፊት የሞተሩን መያዣ ጎሚኒ እይ። ያለቀ ከሆነ ጋዝ ስትሰጥ ሞተሩ ይዘላል፣ ቬንቶላውም አዲሱን ላሜራህን ይበላዋል። ጎሚኒው ይቀየርና ከዚያ ለካ።